በቀይ ቀለም የጻፍኩት ስም

ቁጭ ብዬ አንድ ነገር መጨረስ የማልችል ሰው ነኝ። ይህንን እንኳ ስጀምር ሁለቴ ተነስቼ ግቢውን ዞሬ ተመልሻለሁ። ስለዚህ ሳልንዛዛ ልግባበት። ለጨዋታ ብዬ በእጄ የጻፍኩት መጽሐፍ ጓደኛዬን ሕይወቷን ሊያሳጣት ነበር። ጥፋቱ የማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልለየልኝም፤ እናንተ አንብባችሁ ፍረዱ።

ያኔ መካኒሳ አቦ፣ እትዬ ዘነቡ ግቢ ውስጥ ሰርቪስ ቤት ተከራይቼ ነበር፤ አሁንም እዚያው ነኝ። በማኔጅመንት ተመርቄ ላፍቶ አንድ የሴራሚክ መሸጫ ውስጥ ሻጭ ሆኛለሁ። ቀኑን ሙሉ «ይህ ለወለል ነው፣ ይህ ለግድግዳ» ስል እውላለሁ። አመሻሽ ላይ ወደ ቤቴ ስመለስ የሠራሁት ነገር ምን እንደሆነ ብትጠይቁኝ መልስ የለኝም ነበር። እሁድ ግን ሌላ ሰው ነበርኩ።

ጨዋታውን ያመጣው ናቲ ነው። ናቲ ስልክ ጠጋኝ ነው፤ ከሱቁ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል እሁድ ከሰዓት አምስት ሆነን አንዲት ጠረጴዛ እንከባለን። እሱ አንድ የሌለ ዓለም ይተርክልናል፣ እኛ ደግሞ በዚያ ዓለም ውስጥ እያንዳንዳችን አንድ አንድ ሰው እንሆናለን። «ዋሻው ውስጥ ገባችሁ፣ ከፊታችሁ የሚያጉረመርም ነገር አለ፣ ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል። የምናደርገውን እንናገራለን፤ ይሳካ አይሳካ ባለ ሃያ ፊት ዳይስ ተወርውሮ ይወስናል። አንዱ ተዋጊ ነው፣ አንዱ ሌባ፣ አንዷ ፈዋሽ። እኔ አስማተኛ ነበርኩ።

አስማተኛ የሆንኩት ወድጄ ነው። ተዋጊው ጉልበቱ የራሱ ነው፤ ሰይፉ ቢወድቅበት ዱላ ያነሳል። ፈዋሿ ትጸልያለች፣ ይሰጣታል። አስማተኛ ግን ከመጽሐፉ በቀር ምንም የለውም። ጠዋት ተነስቶ መጽሐፉን ይከፍትና ለዛሬ ይሆኑኛል ያላቸውን ጥቂት ድግምቶች መርጦ ያጠናል። ቀኑን ሙሉ ያለው እነሱ ብቻ ናቸው። በር የሚከፍተውን አጥንቶ ወጥቶ ቀኑ እሳት ከጠየቀው አለቀለት። መጽሐፉ ከጠፋበት ደግሞ ጭንቅላቱ ውስጥ የቀረችውን ይጠቀምና ከዚያ በኋላ እንደማንኛውም መንገደኛ ይሆናል። ጓደኞቼ «ምን ዓይነት ልፍስፍስ ነገር ነው የመረጥሽው» ይሉኛል። እኔ ግን ራሴን ያገኘሁት እዚያ ነው። ለደንበኛ የምለውን እንኳ ታክሲ ውስጥ አጥንቼ የምገባ ሰው ነበርኩ። ያላጠናሁት ጥያቄ ከመጣብኝ አፌ ይያዛል።

ሌሎቹ የሚችሉትን ነገር ስልካቸው ላይ ነው የሚመዘግቡት። እኔ ያ አልበቃኝም። ጠንካራ ሽፋን ያለው ወፍራም ደብተር ገዛሁ። ድግምቶቹን በአማርኛ፣ አንዳንዱንም በማውቃት ጥቂት ግዕዝ እያስጌጥኩ ጻፍኩ። አርዕስቱን በቀይ ቀለም አደረግሁ። በየገጹ አናት ሐረግ ሣልኩ፣ በየማዕዘኑ ዓይን ሣልኩ። ከአሮጌ የቆዳ ቦርሳዬ ማህደር ሰፍቼ ውስጡ ከተትኩት። ሁለት ዓመት የፈጀ ሥራ ነው። ናቲ መጀመሪያ ያየው ቀን ገጽ በገጽ ሲገልጠው ቆየና «ቲጂ፣ ይኼን ሴራሚክ ቤት ውስጥ ምን ታደርጊያለሽ?» አለኝ። ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ አልረሳውም።

ፈዋሿ ሩት ነበረች። ሩት የእትዬ ዘነቡ ብቸኛ ልጅ ናት፤ ኮሌጅ ትማራለች። የሚጥል በሽታ አለባት። ከብዙ ወዲያ ወዲህ በኋላ ሐኪም ቤት ሄዳ ጠዋትና ማታ የሚወሰድ መድኃኒት ተጀመረላት። ያን ቀን እናቷ ለቅሶ ስለነበራቸው አብሬያት የሄድኩት እኔ ነኝ። ሐኪሙ ሁለታችንንም ዓይን ዓይናችንን እያየ «ይኼ መድኃኒት በድንገት አይቋረጥም። ከተቋረጠ ሕመሙ ሳያባራ ሊቀጥልና ሊገድላት ይችላል» ብሎናል።

እንግዲህ ስህተታችን እዚህ ላይ ነው። ሩት ወደ ጨዋታው የገባች ቀን ናቲ «የአንቺን ሰው ማን እንበላት?» ሲላት ብዙም ሳታስብ «ወለተ ሚካኤል» አለች። የክርስትና ስሟ ነው። የክርስትና ስም ለማንም እንደማይነገር፣ መተት የሚሠራ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን እንደሆነ አምስታችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው ያደግነው ነገር ነው። ያን ቀን ግን አንዳችንም ትዝ አላለንም። አንድ እሁድ ደግሞ ጠላት ላይ ልልክ ያሰብኩት የማስተኛ ድግምት ዳይሱ ከዳኝና ሩት ላይ አረፈ። ፈዋሻችን በጦርነት መሃል እንቅልፏን ለጠጠች። ከሁሉም በላይ የሳቀችው ራሷ ሩት ናት። «ጻፊው፣ ለታሪክ ይቀመጥ» አለችኝ። እኔም ከድግምቱ ሥር በቀይ ቀለም «ወለተ ሚካኤል ወደቀች» ብዬ ጻፍኩ።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው። ሱቅ ውስጥ ለአንድ ባልና ሚስት የመታጠቢያ ቤት ሴራሚክ እያሳየሁ ስልኬ ጠራ። ሩት ናት፤ በሹክሹክታ ነው የምታወራው።

«ቲጂ፣ እማዬ ደብተሩን አገኘችው።»

«የትኛውን ደብተር?»

«ያንቺን ነዋ። ውኃ መጥታ ጀሪካንሽን ልትሞላልሽ ገብታ አልጋው ሥር አገኘችው። ስሜን አንብባዋለች። ኪኒኔን ወስዳ መቀነቷ ላይ ቋጥራዋለች። ነገ ጸበል ይዛኝ ልትገባ ነው።»

«የጠዋቱን ወስደሻል?»

«አልወሰድኩም።»

ባልና ሚስቱ በእጃቸው ናሙና ይዘው ያዩኛል። ወደ ጥግ ሄድኩ። «ሩት፣ ጨዋታ መሆኑን ንገሪያቸው። ስሙን ያወጣሽው አንቺ እንደሆንሽ ንገሪያቸው።»

«አልችልም። እሁድ እሁድ መዝሙር ጥናት ነው የምሄደው ብያታለሁ እኮ። ለመድኃኔ ዓለም ብለሽ እንዳትነግሪያት» ብላ ስልኩን ዘጋችው።

አለቃዬን «ቤቴ ችግር ተፈጥሯል» ብዬ መልስ ሳልጠብቅ ወጣሁ። ታክሲ ውስጥ ገብቼ የምለውን ማጥናት ጀመርኩ። «እትዬ፣ ይህ የተሳሳተ ግንዛቤ ነው።» አይሆንም። «እትዬ፣ በውጭ አገር ሰዎች የሚጫወቱት...» እሱም አይሆንም። መንገዱ ተቆፍሯል፣ መኪናው ቆሟል፣ ረዳቱ በመስኮት ወጥቶ ከሌላ ረዳት ጋር ይቀልዳል። ለብቻዬ ሳጉተመትም አጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬ ቦርሳቸውን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉ። አልቻልኩም፤ «ወራጅ አለ» ብዬ ወርጄ በእግሬ መሮጥ ጀመርኩ። እየሮጥኩ ለናቲ ደወልኩና የሆነውን ነገርኩት።

«ዳይሶቹን ይዘህ እኛ ቤት ና።»

«ሴትየዋ በድንጋይ ነው የሚፈነክቱኝ።»

«ይፈንክቱህ። ና።»

ግቢው ስደርስ በሩ ገርበብ ብሏል። እትዬ ዘነቡ ነጠላቸውን አደግድገው ግቢው መሃል ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ደብተሬ በእጅ እንዳይነካ በፌስታል ተጠቅልሎ ሌላ ወንበር ላይ ብቻውን ተቀምጧል። አጠገቡ የጸበል ጠርሙስ አለ። ሩት ደረጃው ላይ ጉልበቷን አቅፋ መሬት መሬት ታያለች።

«እዚያው ቁሚ» አሉኝ እትዬ ዘነቡ። ከዚያን ቀን በፊት «ልጄ» ሳይሉ ጠርተውኝ አያውቁም።

«እትዬ፣ ያዩት ነገር ጨዋታ ነው።»

«ጨዋታ» አሉ ድምፃቸውን ሳያነሱ። «የልጄን ስም ጽፈሽ፣ 'ወደቀች' ብለሽ ጽፈሽ፣ ጨዋታ። እኔ አንቺን እንደ እህቷ ነበር የማይሽ። ልጅቷ ብቻዋን ናት፣ ውኃዋን ልሙላላት ብዬ ነው የገባሁት።»

«አውቃለሁ እትዬ።»

«ስሟን ማን ነገረሽ? እኔና የንስሐ አባቷ ነን የምናውቀው። ማን ነገረሽ?»

ሩትን አየኋት። ቀና ብላ በዓይኗ ለመነችኝ። ታክሲ ውስጥ ያጠናሁት ሁሉ ብን ብሎ ጠፋ። እሳቸውም ዝምታዬን እንደ እምነት ቃል ቆጥረው ራሳቸውን ነቀነቁ።

በዚህ መሃል ናቲ እያለከለከ ገባ። ክፋት የለውም፤ ሲጨንቀው ግን ምላሱ ይቀድመዋል። ዳይሶቹን መዳፉ ላይ ዘርግቶ «እናቴ፣ ላስረዳዎት። እሷ አስማተኛ ናት፣ ግን በእውን አይደለም። ዓለሙን የምፈጥረው እኔ ነኝ፣ ከዚያ እነሱ...» አለ።

«ዓለምን የፈጠረ አንድ ነው፤ አንተን አይመስልም» አሉት እትዬ ዘነቡ። ናቲ ዳይሶቹን ቀስ ብሎ ወደ ኪሱ መለሰ።

ሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር። ያኔ ግን ዓይኔ መቀነታቸው ላይ ያለው ቋጠሮ ላይ ነበር። «እትዬ፣ እኔን ያባርሩኝ፣ ይክሰሱኝ። መድኃኒቷን ግን ይስጧት። ሐኪሙ በድንገት ከተቋረጠ ሊገድላት ይችላል ብሏል።»

«የሚገድላትማ ተገኘ። ከእንግዲህ ኪኒኑ ምን ያደርግላታል? ነገ ጸበል ትገባለች። ጸበልና ኪኒን አብሮ አይሄድም።»

ሩት ከደረጃው ተነሳች። «እማዬ፣ እኔ...» አለችና ቃሉ አፏ ውስጥ ቀረ። ፊቷ ሲለወጥ አየሁት። ሳልደርስባት ወደቀች።

በጎኗ አዞርኳት፣ ሻርፔን አጣጥፌ ከራሷ ሥር አደረግሁ፣ አጠገቧ ያለውን ወንበር ገፋሁት። እትዬ ዘነቡ ክብሪት ይዘው ተንደረደሩ፤ እንደምታውቁት የወደቀ ሰው ክብሪት ማሽተት የቆየ ልማዳችን ነው። ለኩሰው ወደ አፍንጫዋ ሲያስጠጉ እጃቸውን ያዝኩ።

«እትዬ፣ ይቆዩ። ራሱ ያልፋል።»

«እጅሽን ከልጄ ላይ አንሺ።»

«አላነሳም።»

ክብሪቱ እስከ ጣታቸው ነደደና ጠፋ። ናቲ ሰዓቱን እያየ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፤ እየቆጠረ ይሁን እየጸለየ አላውቅም። እኔ ፈራሁ፣ ካወቅሁት ፍርሃት ሁሉ የባሰ ነበር። ይኼ የማያባራው ቢሆንስ? ይህን ብቻ ነበር የማስበው። በመጨረሻ ሰውነቷ ላላ፣ ትንፋሿ ተመለሰ።

እትዬ ዘነቡ መሬት ላይ ተቀምጠው የልጃቸውን ፀጉር እየዳበሱ ቀና ብለው አዩኝ። «አየሽ? አንቺ ስትመጪ ነው የወደቀችው» አሉ። ክርክሩ አለቀ ብዬ አሰብኩ። በእሳቸው ቦታ ብሆን እኔም የማምነው ያንኑ ነበር።

ሩት እስክትነቃቃ ብዙ ጠበቅን። እኔ መቆምም መቀመጥም አቅቶኝ ከቧንቧው እስከ በሩ እመላለሳለሁ። ናቲ «ኧረ እባክሽ አንድ ቦታ ቁሚ» ይለኛል። ሩት ውኃ ጠጣች፣ የት እንዳለች ጠየቀች፣ እንደገና ጠየቀች። ከዚያ እናቷን እያየች በደከመ ድምፅ ተናገረች።

«ስሙን የሰጠኋት እኔ ነኝ እማዬ። እኔም እጫወታለሁ። ወደቀች የሚለውንም ጻፊው ያልኳት እኔ ነኝ። እሁድ እሁድ መዝሙር ጥናት ሄጄ አላውቅም።»

«ለመዝሙሩ ብዬ የገዛሁልሽ ነጠላስ?» አሉ እትዬ ዘነቡ።

«እሱን ለብሼ ነው የምሄደው።»

ተነስተው ወደ ቤት ገቡ። ሲወጡ ዓይናቸው ቀልቷል፤ ቁጣቸው ግን የለም፣ ከቁጣም የከበደ ነገር ነበር ፊታቸው ላይ። ያሰብኩት አሁን መድኃኒቱን ይፈታሉ ብዬ ነው። አልፈቱም።

«ለክፋት እንዳልጻፍሽው አመንኩ» አሉኝ። «ግን ሳያውቁት የጠሩት ነገርም ይመጣል። አንቺ በጨዋታ ጠራሽው፣ እሱ ጨዋታ አያውቅም። ይኼ ነገር ከቤቴ እስኪወጣ ድረስ እጄ ኪኒን አይሰጥም።»

እውነቱ ሁሉ ወጥቶ አልቋል፤ የቀረኝ የለም። አፌ ግን ሳላዘው ተናገረ። «እሺ፣ ይቃጠል» አልኩ። «አሁን፣ እዚሁ። መድኃኒቷን ግን መጀመሪያ ይስጧት።»

«መጀመሪያ ደብተሩ።»

«እትዬ።»

«መጀመሪያ ደብተሩ። በራስሽ እጅ።»

ናቲ «ቲጂ፣ ሁለት ዓመትሽ ነው» አለኝ ቀስ ብሎ። እንዳልሰማ ሆንኩ። የከሰል ማንደጃቸውን ግቢው መሃል አመጡ። ፌስታሉን ፈታሁ፣ ደብተሩን ከማህደሩ አወጣሁና የመጀመሪያውን ገጽ ቀደድኩ። ብርሃን የሚያበራው ድግምት ነበር፤ ሐረጉን ስሥል ሙሉ ሌሊት ያነጋሁበት። እሳቱ ላይ አደረግሁት። እሳቸው ቋጠሮውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል፣ አልፈቱም። ሁለተኛውን ቀደድኩ። በር መክፈቻው፣ ጋሻው፣ ከሩቅ መስሚያው። በየገጹ እጃቸውን አያለሁ፣ እጃቸው አይንቀሳቀስም። እንባዬ ይወርዳል፣ ደግሞም ተናድጄ ነበር፤ ማን ላይ እንደሆነ ግን አላውቅም።

የማስተኛው ገጽ ላይ ስደርስ «እሱን አሳዪኝ» አሉ። አሳየኋቸው። የልጃቸውን ስም በቀይ ቀለም አንዴ አይተው አማተቡ። እሳቱ ውስጥ ጣልኩት። ጥግ ጥጉ ጠቁሮ እስኪጠቀለል አብረን አየነው፤ ከዚያ ጣታቸው ቋጠሮውን መፍታት ጀመረ። ሩት ኪኒኑን በውኃ ስትውጠው ጉሮሮዋ ሲንቀሳቀስ አየሁ። የቀሩትን ገጾችም አቃጠልኩ፤ ማህደሩንም ጭምር። ማንም አላስገደደኝም። እትዬ ዘነቡ ጥርጣሬ ቢያድርባቸው ነገ ቋጠሮው ተመልሶ ይታሰራል ብዬ ነው።

አንባቢዎቼ፣ ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። ሩት መድኃኒቷን ሳታቋርጥ ወሰደች፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ወድቃ አታውቅም። ጸበልም ትሄዳለች፣ ኪኒኑንም ትወስዳለች፤ ሁለቱ አልተጣሉም። እሁድ መጀመሪያ መዝሙር ጥናት በእውን ትሄዳለች፣ ከዚያ ወደ ናቲ ቤት ትመጣለች። የፈዋሿ ስም ተቀይሯል። እኔም መጽሐፍ የሌላት አስማተኛ ሆኜ ጭንቅላቴ ውስጥ የቀሩትን ድግምቶች እስኪያልቁ ተጠቀምኩ። ናቲ «ሌላ መጽሐፍ አገኘሽ ብዬ ልተርክልሽ» ቢለኝ እምቢ አልኩ፤ አሁን ዱላ ይዤ ፊት ፊት የምሄድ ሴት ነኝ። ሱቅ ውስጥም የምናገረውን አላጠናም። አንዳንዴ እሳሳታለሁ፣ ደንበኛው ይስቅብኛል፣ ሴራሚኩን ግን ይገዛል።

የማያስተኛኝ ሌላው ነው። ሰፈሩ በሙሉ ሩት የዳነችው ደብተሩ ስለተቃጠለ ነው ይላል። እኔ ደግሞ ያሰረችውን መልሳ የፈታች ተባልኩ። አንዳንዶቹ መንገድ ይለውጡብኛል፣ አንዳንዶቹ ከሌላው ጊዜ ይበልጥ ሰላም ይሉኛል። ብዙ ጊዜ አፌን ከፍቼ «መድኃኒቱ ነው» ልል እልና ነገሩ ተመልሶ ቢነሳስ፣ ቋጠሮው ቢመለስስ እያልኩ እተወዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት እትዬ ዘነቡ አንዲት ሴትዮ ይዘው በሬን አንኳኩ። ከወዲያኛው መንደር ናቸው፤ እህታቸው ትወድቃለች። ሐኪም ቤት ወስደዋት መድኃኒት ታዞላት ነበር፤ «የሰው እጅ አለበት» ብለው አስቁመዋታል። አሁን ሴትዮዋ የመጡት እኔ እንድፈታላቸው ነው። ደሜ ፈላ። እትዬን ወደ ውስጥ ሳብ አደረግኋቸው።

«እትዬ፣ ሩትን ያዳናት መድኃኒቱ ነው። እርስዎ ያውቃሉ።»

«አውቃለሁ» አሉ።

ደነገጥኩ። «ታዲያ ለምን ወደ እኔ ያመጧቸዋል?»

«እሷ አታውቅማ። እኔም ያን ቀን አላውቅም ነበር። ሐኪሙ ቢነግረኝ አልሰማም፣ አንቺም ብትነግሪኝ አልሰማሁሽም። ያን ሁሉ የለፋሽበትን በእጅሽ እሳት ውስጥ ስትጨምሪው ነው እጄ የላላው።» ከዚያ ወደ በሩ አየት አድርገው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጅቷ መድኃኒት ካቆመች ሰንብታለች፣ ልጄ።»

ወጥቼ ለሴትዮዋ እውነቱን ነገርኳቸው፤ ምንም እንዳላሰርኩ፣ ምንም እንደማልፈታ። በትሕትና ሰሙኝ። ስጨርስ «ገባኝ፣ ግን መቼ ልምጣ?» አሉኝ። ሰኞ እህታቸውን ይዤ ሐኪም ቤት እንድሄድ ለምኜ አስፈቀድኳቸው። የሚታዘዘውን ግን እንደሚሰጧት ቃል አልገቡልኝም።

እናንተ በእኔ ቦታ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? ውሸት ጽፌ አቃጥዬ አንዲት ልጅ ኪኒኗን ብትውጥ ኃጢአት ነው? ወይስ ያን ካደረግሁ ነገ ሌላዋ እናት፣ ከነገ ወዲያ ሌላዋ፣ ሰፈሩ ሁሉ ኪኒኑን ትቶ በእኔ እጅ ማመን ይጀምራል? ይህን እያሰብኩ ነው ግቢውን የምዞረው። እትዬ ዘነቡ በመስኮት ያዩኛል።

ሰኞ ሐኪም ቤት እንሄዳለን። አዲስ ደብተር ግን ገዝቻለሁ።